በክረምት የሚሞቱ ግልገሎችና የቦር አውራ ጉዳይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። አምስት እናት ፍየሎች፣ እዚያው ቤት የተወለደ አንድ አውራ፣ ሁለት በጎች፣ አንዲት የአገር ላም፣ ጥቂት ዶሮዎችና አንድ ውሻ አሏቸው። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ከተወለዱት ግልገሎች ከግማሽ በላይ ሞተውባቸዋል፤ ገሚሶቹ ሳምንት ሳይሞላቸው፣ የቀሩት ደግሞ በወር በሁለት ወራቸው ሲያስሉና ሲያስቀምጣቸው ከርመው። እናቶቹም ሆኑ በጎቹ ግን ደህና ናቸው። አሁን ባጠራቀሙት ገንዘብ ቦር ከሚባለው የውጭ የሥጋ ፍየል ዝርያ የተዳቀለ አውራ ለመግዛት አስበዋል፤ «ዝርያው ሲሻሻል ግልገሎቹ ይጠነክራሉ ወይ? ሌላስ ምን እንስሳ ብጨምር ያዋጣኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

በቅድሚያ ጉዳዩን በጥንቃቄ ስለገለጹት አመሰግናለሁ። ከጻፉት ውስጥ ሦስት ነገሮች ምክንያቱን ከሞላ ጎደል ይጠቁማሉ፦ የሚሞቱት ግልገሎች ብቻ መሆናቸው፣ ሞቱ በሐምሌና በነሐሴ መደጋገሙ፣ እንዲሁም እናቶቹና በጎቹ ጤነኞች መሆናቸው። አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ አስከትላለሁ። አውራውን ዘንድሮ አይግዙ። ያ ገንዘብ ለጋጣው፣ በእርግዝናው ማብቂያ ላይ ለሚያስፈልገው መኖና ለክትባት ቢውል፣ ዛሬ የሚሞቱት ግልገሎች በሕይወት ይቆዩልዎታል። አምስት ፍየል ላለው ቤተሰብ ደግሞ ትርፍ ማለት የግልገሎቹ መትረፍ ነው።

በመጀመሪያ ወረርሽኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንለይ። ደስታ መሰል በሽታ፣ በተለምዶ ፒፒአር የሚባለው፣ ፍየልና በግን ያጠቃል፤ ትኩሳት፣ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በድድና በምላስ ላይ የሚታይ ቁስል፣ ከዚያም ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል። ሲገባም በአንድ ቤት አይቀርም፤ የጎረቤት መንጋም በዚያው ሳምንት ይታመማል። ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ደግሞ በጎችን እየተወ ፍየሎችን፣ ትልልቆቹንም ጭምር ይጥላል፤ የታመመችው ፍየል አንገቷን ዘርግታ፣ የፊት እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ ስትተነፍስ እያቃሰተች ትቆማለች። እርስዎ ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። ሞቱ ቀስ በቀስ፣ ከዝናቡ ጋር እየመጣ፣ አቅም ያነሳቸውን ብቻ እየለቀመ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለውን ሞት በአብዛኛው የሚያመጡት የተራበች እናት፣ በወቅቱ ያልተጠባ እንገርና እርጥብ ጋጣ ናቸው። ያም ሆኖ ከእንግዲህ የሞተ ግልገል ሲያጋጥምዎ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ያሳዩት፤ ሳንባውንና አንጀቱን ከፍቶ ያየ ባለሙያ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ መልስ ይሰጥዎታል።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንሂድ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ነው። ሐምሌ 15 የተወለደ ግልገል የተጸነሰው የካቲት 15 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ፅንስ ከሚያገኘው ክብደት አብዛኛውን የሚጨምረው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ስድስትና ስምንት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ በዚህ ስሌት ወቅቱ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መግቢያ ድረስ ይሆናል። በእናንተ አካባቢ ያ ጊዜ የገለባው ክምር ያለቀበት፣ የበልጉ ልምላሜ የጠወለገበት፣ የክረምቱ ሣር ገና ያልበቀለበት ወቅት ነው። ስለዚህ እናቲቱ በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ትራባለች፤ ግልገሉ ኮሳሳ ሆኖ ይወለዳል፤ ጡቷም ባዶ ይሆናል። መንታ ከሆኑ፣ በዚያ ላይ ወተቱም ለቤት የሚታለብ ከሆነ፣ ሁለተኛው ግልገል ከመነሻው የመኖር ዕድሉ ጠባብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠብቀው ጭቃና ወጨፎ ነው። በሐምሌ የሚታየው ሞት እንግዲህ መነሻው በሰኔ ነው፤ ግልገሉ ከታመመ በኋላ የሚወጋው መርፌም ብዙውን ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አውራውን ከእናቶቹ መለየትና የጥቃቱን፣ ማለትም የስሪያውን፣ ጊዜ መምረጥ ነው። አውራው ከግንቦት 1 ጀምሮ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ከእናቶቹ ጋር ቢውል፣ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ወደ መስከረም ማብቂያ ይወለዳሉ፤ የቀሩትም በጥቅምትና በኅዳር መባቻ ይከተላሉ። እናቶቹ የበልጉን ለምለም በልተው ገላቸው ሲሞላ ስለሚጠቁ በቶሎ ያረግዛሉ፤ የእርግዝናቸው ከባድ ሳምንታትም ቅጠሉና ሣሩ በሚትረፈረፍበት በነሐሴና በመስከረም ላይ ያርፋል፤ ግልገሎቹ ደግሞ ፀሐይና ደረቅ መሬት ያገኛሉ። በልጉ ሳይጥል በቀረበት ዓመት እናቶቹ በግንቦት ከስተው ስለሚገኙ፣ ለጥቃት ከመቅረባቸው በፊት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ጥቂት ፉርሽካ ማቅመስ ያስፈልጋል።

አውራን መለየት ያስቸግራል የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ፍየል አጥር የማይበግራት እንስሳ ናት። ሆኖም ለአምስት እናቶች ሲባል ዓመቱን ሙሉ አውራ መቀለብ አያስፈልግዎትም። አንድ ጎልማሳ አውራ ከ25 እስከ 30 እናቶችን ያለ ችግር ያጠቃል። አምስት ስድስት ጎረቤታሞች ተነጋግራችሁ አንድ የተመረጠ የአገር አውራ በጋራ ብትይዙና በየተራ ብታዘዋውሩ ቀለቡ ይቀንሳል፤ ጊዜውም በእጃችሁ ይሆናል። አሁን ያለው አውራ እዚያው ቤት የተወለደ ስለሆነ እናቱንና እኅቶቹን እያጠቃ ነው፤ ይህም በራሱ ደካማ ግልገል ከሚያስወልዱ ምክንያቶች አንዱ ነው። እሱን ቡርዲዞ በሚባለው የማኮላሻ ጉጠት አስኮላሽተው ለሙክት ቢያደልቡት ይጠቀማሉ። በድንጋይ መቀጥቀጡ ግን ይቅር፤ እንስሳውን ያሠቃያል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። በቤት የሚወለዱ ወንዶች ሦስትና አራት ወር ሲሆናቸው እኅቶቻቸውን ማስረገዝ ስለሚችሉ ከዚያ በፊት መለየት ወይም መኮላሸት አለባቸው። ለጊዜው ሌላ ብልሃት ከታጣ፣ በአውራው ወገብ ላይ ከሆዱ ሥር የሚንጠለጠል የጆንያ ሽርጥ ማሰርም ይሠራል።

ዘንድሮ ያረገዙት ግን በክረምት መውለዳቸው አይቀርም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ስሌት ቀላል ነው። ለእያንዳንዷ እናት ከመውለዷ በፊት ባሉት 45 ቀናት በቀን 250 ግራም ያህል ድብልቅ መኖ፣ ማለትም ሁለት እጅ ፉርሽካና አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ከቁንጥር ጨው ጋር፣ ይስጧት። ለአምስቱ ሲባዛ 56 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከግማሽ ኩንታል እምብዛም አይበልጥም። መጠኑን በአንድ ጊዜ አይጀምሩት፤ ከትንሽ ተነሥተው በሳምንት ውስጥ ያድርሱት። በድንገት ብዙ ጥሬ ወይም ዱቄት የበላች ፍየል ሆዷ ይነፋል፣ ጨጓራዋ ይጎመዝዛል፣ ልትሞትም ትችላለች። ለዶሮ የተሰጣን እህል ፍየል እንዳትደርስበት የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ እንገር ጥቂት ልዘርዝር። ግልገል ከእናቱ ማኅፀን በሽታ የሚከላከልበት አቅም ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ አቅሙ ከስድስት ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቀን ሲሞላ ከሞላ ጎደል ይዘጋል። የሚያስፈልገው መጠን በመጀመሪያው ቀን የክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ነው፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 200 ሚሊ ሊትር፣ በቤት መስፈሪያ ሦስት የቡና ሲኒ ገደማ ማለት ነው። በተግባር እንዲህ ይደረጋል። እናቲቱ እንደወለደች ግልገሉን ልሳ እንድታደርቀው ይተዋት፤ በሁለቱም ጡቶቿ የመጀመሪያውን ጠብታ ጨምቀው ጫፉ አለመደፈኑን ያረጋግጡ፤ ግልገሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልቆመ ደግፈው ያጥቡት። ከዚያ ጣትዎን ወደ አፉ ያስገቡ። አፉ ከቀዘቀዘና የመጥባት ስሜት ከሌለው አልጠባም፤ በእሳት ዳር አሙቀው፣ እንገሩን አልበው፣ መዋጥ ሲጀምር ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ገና ሳይሞቅ ወተት አይጋቱት፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል። እትብቱንም ከወለደች ወዲያው አዮዲን ውስጥ ይንከሩት፤ በጭቃ ወለል ላይ የሚወለድ ግልገል ብዙ ጊዜ ተሕዋስያን የሚገቡበት በእትብቱ በኩል ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱ አብጦ የሚያነክስ ግልገል አይተው ከሆነ መነሻው ይኸው ነው። እንገሩን ለቤት ማለብ በብዙ አካባቢ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግልገሎቹ ጠግበው ከተረፈ ምንም አይደለም፣ ቀድሞ ከታለበ ግን ዋጋው የግልገል ነፍስ ነው።

ጋጣው ከማድ ቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ ወለሉም አፈር መሆኑን ጽፈዋል። አንድ ነገር ይሞክሩ፦ ማለዳ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ወደ ውስጥ ገብተው በግልገል ቁመት ልክ ቁጢጥ ይበሉና ጥቂት ይቆዩ። ዓይንዎን ካቃጠለዎ ወይም ሽንት ሽንት የሚል ጭስ መሰል ሽታ ጉሮሮዎን ከያዘዎ፣ ግልገሎቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት ያንን ነው። ሳንባቸው በዚያ ሲቆስል ጎሮርሳ የሚባለውን የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ በቀላሉ ይገባል፤ ሳሉ ከዚህ ይመጣል። ተቅማጡ ደግሞ በእርጥብ በጠጥ ላይ ተጨናንቀው በሚያድሩ የወርና የሁለት ወር ግልገሎች ላይ በሚበረታው ኮክሲዲያ፣ ማለትም በዓይን በማይታይ የአንጀት ተሕዋስ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈሳሹ ደም ከቀላቀለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ኮክሲዲያ በትል መድኃኒት አይድንም፤ ስለዚህ ደጋግሞ አልቤንዳዞል መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው። የሚታዘዘውን መድኃኒት ከነመጠኑ ባለሙያ ይወስን።

የሚሻለው ከመሬት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍ ያለ የርብራብ ወለል ነው። ከባሕር ዛፍ አጠና ሊሠራ ይችላል፤ በእንጨቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የግልገል እግር ግን አይሾልክም። ለእያንዳንዷ እናት አንድ ካሬ ሜትር ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይበቃታል። ወጨፎ የሚመጣበት ወገን እስከ ጣሪያው ይዘጋ፤ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ከፍየሎቹ ራስ በላይ አየር የሚወጣበት ክፍት ይተው። በአንደኛው ጥግ ግልገሎች ብቻ የሚሾልኩበት ጠባብ በር ያለው ደረቅ ገለባ የተነጠፈበት ክፍል ይከለልላቸው። ከሥር የሚጠረገው ፍግ ለጓሮው ማሽላና ለጎመኑ የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ ተጨማሪ ነው። ይህ ሥራ ከክረምት በፊት ካለቀ፣ ሌላ ምንም ባይለወጥ እንኳ ሳሉ በግልጽ ሲቀንስ ያያሉ።

ክትባትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ለደስታ መሰል በሽታ፣ ለፍየል ሳንባ በሽታና ለፈንጣጣ የሚሆኑት ክትባቶች በአገራችን በቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታሉ። የደስታ መሰል ክትባት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል፤ ሆኖም በየዓመቱ አዳዲስ ግልገሎች ስለሚወለዱ እነሱ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ መከተብ አለባቸው። የቀንድ ከብት በሽታ የነበረው ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የፍየሉንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ዕቅድ ይዘዋል። ስለዚህ የወረዳው ዘመቻ በቀበሌዎ ሲያልፍ አንዲት ፍየል እንኳ አይደብቁ።

ትልን በሚመለከት ከላይ ካልኩት በተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በክረምት ትልቋን ፍየል የሚያደክማት ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ነው። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልጋትም፣ የነጣ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያስፈልጋታል። ሁሉንም በጅምላ ከማዋጥ የነጡትን ብቻ ማከም ትሉ መድኃኒቱን እንዳይለምድ ይረዳል። ፍየል መድኃኒትን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወግድ በበግ ልክ የተሰጣት መጠን ያንሳታል፤ ይህን ለሚያክመው ባለሙያ ያስታውሱት። አልቤንዳዞል በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ላለች ፍየል አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። በተጨማሪም ጤዛው ሳይረግፍ አያሰማሩ፤ የትሉ ዕጭ እርጥብ ሣር ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው በዚያ ሰዓት ነው። ፍየል ከመሬት ከምትግጥ ይልቅ ከቁጥቋጦ ብትቀነጥስ ለትል የምትጋለጠውም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ወደ ቦር አውራው ልመለስ። ቦር ከደቡብ አፍሪካ የተገኘ የሥጋ ዝርያ ነው፤ ወደ አገራችን በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በበግና ፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ገብቷል። ግልገሉ በጥሩ መኖ ፈጥኖ ያድጋል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሚያድገው ስለሚበላ ነው፤ አሁን ባለው የሰኔ ረኀብ የዲቃላው ትልቅ ሰውነት ጥቅም ሳይሆን ተጨማሪ ዕዳ ይሆናል። ከ25 እስከ 30 ኪሎ የምትመዝን የአገር እናት፣ በተለይም የመጀመሪያ ወላጅ፣ ከትልቅ አውራ አርግዛ ስትወልድ ልታምጥና ልትጎዳ ትችላለች። ዲቃላ በበረከተበት ሁሉ ውጤቱን የወሰነው አብሮት የተሰጠው መኖና ሕክምና ነው፤ ፋርም አፍሪካ የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ1980ዎቹ ዓ.ም. በሐረርጌና በወላይታ ለሴቶች ፍየል በብድር ሲሰጥና የአንግሎ ኑቢያን ዲቃላ ሲያስፋፋ፣ የመኖ ተክልና የአካባቢ የእንስሳት ጤና ሠራተኞችን አብሮ ያቋቋመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ላይ እናንተ ያላችሁት ፍየል የሚናቅ አይደለም። የባቲ ፍየል ቆዳ በቆዳ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ዝርያው በአካባቢው ድርቅና ቁጥቋጦ የተፈተነ ነው። ለጋራው አውራ የሚሆን፣ መንታ ከምትወልድና ብዙ ከምትታለብ እናት የተገኘ፣ ሁለት እኩል የወረዱ ፍሬዎች ያሉት ወጠጤ በባቲ የሰኞ ገበያ ይፈልጉ፤ የሚቻል ከሆነ ግን እናቱን በዓይንዎ ካዩት ጎረቤት ይግዙ። ከየትም ይምጣ፣ ከመንጋው ሳይቀላቀል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ወረርሽኝ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ ከገበያ በተገዛ እንስሳ ነው።

ሌላ እንስሳ ስለመጨመር፣ መሬቱ የሚሰጠውን መቁጠር ይቅደም። አንዲት የአገር ላም የምትበላው ሰባት ፍየሎች የሚበሉትን ያህል ነው። አንድ ፍየል በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ብትፈልግ፣ አምስቱ በአምስት የበጋ ወራት 750 ኪሎ ይፈጃሉ፤ ግማሹን ከቁጥቋጦ ቢያገኙት እንኳ አራት ኩንታል የሚጠጋ ድርቆሽና ገለባ መቀመጥ አለበት። ይህ ሳይሟላ ሌላ የሚግጥ እንስሳ መጨመር ያሉትን ማስራብ ነው። ይልቁንስ በአጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያና የእርግብ አተር፣ በእርከኑ ላይ ዝሆኔ ወይም ደሾ ሣር ይትከሉ። የማሽላው አገዳ ጥሩ መኖ ቢሆንም ከታጨደ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ማሽላና ድርቅ ያቀጨጨው ቡቃያ መርዝ አለው፤ ፍየሎቹንም ላሚቱንም በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ዶሮዎቹን ማብዛት ይቻላል፤ መሬት አይሻሙም። ፈንግል ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆጡን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚመጣ ከጎረቤቶች ጋር ተቀናጅቶ በአንድ ቀን ማስከተብ ያዋጣል። ዶሮዎቹ በፍየሎቹ መኖ ገንዳ ላይ እንዳያድሩ ይከልክሏቸው። በጎቹን በተመለከተ፣ ከፍየሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ትል ስለሚጋሩ ቁጥራቸውን አለማብዛቱ ይመረጣል፤ ላሚቱ በአንጻሩ አብዛኛውን የፍየል ትል ስለማትቀበል ፍየሎቹ የቆዩበትን መስክ ተከትላ ብትግጥ ይጠቅማል።

ውሻውን የጠቀሱት በአጋጣሚ ይሆናል፤ እኔ ግን ላልፈው አልፈልግም። በበዓል የታረደ በግ ወይም ፍየል ጭንቅላት በጥሬው ለውሻ ሲጣል፣ በአንጎሉ ውስጥ ያለው የውኃ ከረጢት በውሻው አንጀት ወደ ኮሶ ይለወጣል፤ ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር መስክ ላይ ይበተንና አዙሪት ሆኖ ወደ መንጋው ይመለሳል። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው የውኃ ከረጢት ደግሞ በውሻው በኩል ወደ ሰውም፣ በተለይ ወደ ሕፃናት፣ ይተላለፋል። ጭንቅላቱን ቀቅሎ መስጠት፣ ከረጢት የታየበትን ጉበት ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር፣ ለውሻውም በየሦስት ወሩ ፕራዚኳንቴል ማስሰጠት ይበቃል። ከዚሁ ጋር፣ ያስወረደች ፍየል ካለች የወረደውን ፅንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅዎ አይንኩ፤ ወተቱንም ሁልጊዜ አፍልተው ይጠጡ።

ሽያጩን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በመስከረም ማብቂያ የተወለዱት ወንዶች በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ዓመት ይሞላቸዋል። ለአረፋ የሚታረድ ፍየል ዓመት የሞላውና እንከን የሌለበት መሆን ስላለበት፣ እንዲሁም አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ በሁለተኛው ዓመት ላይ የትኛውን ሙክት ለአረፋ፣ የትኛውን ለገና ወይም ለፋሲካ እንደሚያደርሱ ከወዲሁ መወሰን ይችላሉ። ለዚህም የእያንዳንዱን ግልገል የትውልድ ቀን፣ እናቱንና የሞተም ከሆነ የሞተበትን ቀን በአንድ ደብተር ይጻፉ። በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛዋ እናት ግልገሎቿን እንደምታሳድግ፣ የትኛዋ መሸጥ እንዳለባት ደብተሩ ይነግርዎታል፤ የቦር አውራውን ጥያቄ ያን ጊዜ፣ ግልገሎቹ መትረፍ ከጀመሩና ድርቆሹ ከሰኔ በኋላም መትረፍ ከጀመረ፣ እንደገና ማንሣት ይቻላል።